የቅያሳችን 72 ሜትር አስፋልት፦ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 2፣ 2017 (እሑድ)

ስብሰባ። ቂርቆስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ዘጠኝ ቤት የሚጋራው ቅያስ አለን። ማዶ መውጫ የለውም። ርዝመቱ 72 ሜትር፣ ስፋቱ 3.6። ወደ ውስጥ ዳገት ነው፤ ስለዚህ የዝናቡ ውሃ ሁሉ ወደ መግቢያው በር ይወርዳል። መግቢያው አጠገብ፣ ከሁላችንም ዝቅ ብሎ፣ የእማማ ቤት አለ።

ኮብልስቶኑ አርጅቷል። ለፍሳሽ መስመር ሲቆፈር ተነቅሎ ሲመለስ እንደ ድሮው አልሆነም። መሃሉ ጎድጉዷል፣ ዳር ዳሩ ተነስቷል። አማራጩ ሁለት ነው፤ ድንጋዩን አንስቶ ሥሩን አስተካክሎ መልሶ መንጠፍ፣ ወይም አስፋልት። እኔ ድምፄን ለኮብልስቶን ሰጠሁ። ነገ ቧንቧ ቢፈነዳ ድንጋይ ይነሳል፣ ይመለሳል። አስፋልት አንዴ ከተቆረጠ ጠባሳው አይለቅም።

6 ለ 3 ተሸነፍኩ። ያሸነፉን እማማ ናቸው። «ልጆቼ፣ ምርኩዜ ድንጋዩ መሃል እየተቀረቀረ አስቸገረኝ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ባለፈው ክረምት የወደቁትን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ኤክሴል ስለምችል ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም አደረጉኝ። መዋጮ በቤት 90,000 ብር። ሙያዬ ሒሳብ ነው፣ መንገድ አይደለም። ይህ ነገር ወደ ኋላ ዋጋ ያስከፍለናል።

የካቲት 5–8

ሁለት ኮንትራክተር መጥቶ አየ። የመጀመሪያው ከመኪናው ብዙም አልራቀም። «ኮብሉ ላይ 3 ሴንቲ ደፍቼ በአንድ ቀን አስረክባችኋለሁ» አለ። ዋጋው የሁለተኛው ግማሽ ነው። ከኮሚቴው ግማሹ ልቡ ሸፍቶ ነበር።

ሁለተኛው ብዙ አያወራም። ዲጅኖ ለመነ። ጎድጓዳው ላይ ሦስት ድንጋይ ነቅሎ ወደ ታች ቆፈረ። አሸዋ፣ ከዚያ ስስ ጠጠር፣ ከዚያ ጥቁር አፈር። አንድ እፍኝ አነሳ፣ ከጠርሙስ ውሃ ጠብ አደረገበት፣ በመዳፉ ሲያሸው እንደ ትል ተጠቀለለ። አልተቆረጠም። «ይሄ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ወርቅ ብታነጥፉበት አብሮት ነው የሚሰነጠቀው» አለን። እጁን በሱሪው ጠረገና ዋጋውን ነገረን። ለእሱ ሰጠነው።

ስምምነቱ፦ አስፋልቱ 5 ሴንቲ፣ ከነፕራይሙ (ከሥሩ ከሚረጨው ቀጭን ሬንጅ ጋር)፣ በካሬ 2,200 ብር። ከሥር ያለው ቁፋሮና ሙሌት በወጣው ልክ እኛ እንከፍላለን። የአስፋልት ዋጋው የሚጸናው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው አለ። ሬንጅ አገር ውስጥ አይመረትም፤ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው፤ ዶላር ሲነቃነቅ እሱም ይነቃነቃል። በዚያው ቀን ቀብድ ከፈልን።

አስፋልት ማንጠፊያው ማሽን፣ ፊኒሸሩ፣ አይመጣም። ይህችን ለምታህል ቅያስ እሱን ጭኖ ማምጣት አያዋጣም። በእጅ ነው የሚሠራው፤ በአካፋና ጥርስ ባለው መጎተቻ።

የካቲት 10–13

ቁፋሮ። ኮብሉን የቀን ሠራተኞቹ ልጆች በእጅ ነቅለው የእኛ ግቢ ውስጥ ደረደሩት። ከዚያ ስካቫተር ገባ። በራችን 2.9 ሜትር ነው፤ ሹፌሩ በሁለቱም ወገን መስታወቱን አጥፎ ነው ያለፈው።

ጥልቀቱ 45 ሴንቲ። እንዴት እንደደረስኩበት ልጻፍ፤ በኋላ ይፈለጋል። ሴሌክት (ከታች የሚሞላው የተመረጠ አፈር) 30፣ ቤዝኮርስ (በእሱ ላይ የሚነጠፈው የተፈጨ ጠጠር) 15፣ ድምር 45። የኮንትራክተሩ ፎርማን ወረቀቴን አየና «እሺ ኢንጂነር» አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ተከሰተ። 72 በ3.6 በ0.45 ሲባዛ 116 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲኖትራክ 16 ይጭናል። ስለዚህ ስምንት ቢያጆ (ምልልስ) ብዬ ጻፍኩ። አፈር ከመሬት ሲወጣ ግን ይነፋል፤ ተቆፍሮ መኪና ላይ ሲወጣ ከሩብ በላይ ይጨምራል። አሥር ቢያጆ ሆነ። በቢያጆ 6,500፣ ሁለቱ ትርፍ 13,000 ብር። ሙሌቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ልቅ ሆኖ የመጣው ሲጠቀጠቅ ያንሳል። ለሴሌክቱ እንዳልደገምኩት ልብ ይባል።

የካቲት 14 (ዓርብ)

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዘበኛው በሬን ደበደበ። «ጋሼ፣ ውጡና እዩ።» ወጣሁ። ቅያሱ ሐይቅ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረቡዕ ዕለት ሲቆፈር የአንዱ ቤት የውሃ ቧንቧ ተመትቷል። 30 ሴንቲ እንኳ አልተቀበረም ነበር። ግን ረቡዕ የእኛ የውሃ ፈረቃ አይደለም። ቧንቧው ባዶ ስለነበር ማንም አላየውም። ውሃው ሐሙስ ለሊት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሮቶ ሲሞላ የእኛ መስመር ጉድጓዳችንን ሞላው።

በባልዲና ከጎረቤት በተዋስነው ፓምፕ እስኪነጋ ቀዳን። አንድ ጎረቤት ፒጃማውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገብቶ «ሁለት ሳምንት የጠፋ ውሃ ዛሬ ይምጣ!» እያለ ይስቃል። ጠዋት ፎርማኑ በጫማው ተረከዝ መሬቱን ረገጠ። እንደ ሊጥ ገባ። መግቢያው አካባቢ ወደ 20 ሜትር የሚሆነውን እንደገና 15 ሴንቲ ጠርገን አወጣን። ጥገናው 6,800፣ ተጨማሪ ሴሌክት አንድ ቢያጆ 11,000።

መቆፈር የሚፈልግ ሰው ካለ፦ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ባይሆን እንኳ ካለቀ በኋላ የፈረቃችሁን ቀን ጠብቃችሁ እያንዳንዱን መስመር ክፈቱ።

የካቲት 24 – መጋቢት 5

ሙሌት። ጠብ ያለው እዚህ ነበር። ፎርማኑ 30 ሴንቲውን ሴሌክት በአንድ ጊዜ ደፍቶ በቤቢ ሮለር ሊሄድበት ፈለገ። ቀን ይቆጥባል። ኮንትራክተሩ ስልክ አያነሳም። እኔ ማታ ማታ ሳነብ ስለነበር አንድ ነገር ይዣለሁ፤ ትንሽ ሮለር ጉልበቱ ከ15 ሴንቲ በታች ብዙም አይደርስም። ላዩ ድንጋይ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ልቅ ይቀራል። በኋላ የጎማ መንገድ እየሆነ ይሰምጣል።

«ኢንጂነር፣ ስንት መንገድ ሠርተሃል?»

«አንድም። ብሩን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ።»

በሁለት ንብርብር ተሠራ። እሱም በበኩሉ አንድ ነገር አስተማረኝ። ሴሌክቱን ውሃ ካጠጣ በኋላ በእጁ ጨብጦ ይከፍተዋል። ከተበተነ ደርቋል። እጁን ካጨቀየው በዝቷል። እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ቆይቶ በአውራ ጣት ሲነካ ለሁለት ከተሰበረ ሮለሩን ይጠራል። የላቦራቶሪ ምርመራ እንደማይተካ አውቃለሁ። ግን ሃያ ጊዜ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ሃያውንም ጊዜ አላጭበረበረም።

ሮለሩ ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወጣ። ላይኛው ቤት ያሉት ጋሼ ወንበራቸውን አውጥተው ስለ ሰርኪስ ባቡር ያወሩ ጀመር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባለው አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መንገድ ደምዳሚ ነው። ያን ጊዜም ሰው ሥራ ፈትቶ ይከተለው ነበር ይላሉ። እኛም ከዚያ ብዙ አልተሻልንም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመን አየን።

መጋቢት 7 (እሑድ)

ዛሬ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ቤዝኮርሱ አልቋል። ስፓጎ ወጥረን፣ ውሃ ልክ ይዘን ከላይ ወደ ታች ወረድን። እማማ በር ላይ ስንደርስ ፎርማኑ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የእማማ ደፍ ከድሮው ኮብል 4 ሴንቲ ነበር ከፍ የሚለው። አሁን ቤዝኮርሱ በድሮው ኮብል ልክ ቆሟል። አስፋልቱ 5 ሴንቲ ይጨመርበታል። አስፋልቱ ከደፋቸው 1 ሴንቲ ይበልጣል ማለት ነው። የዘጠኝ ቤት ዝናብ ሳሎናቸው ሊገባ።

ለሥሩ ሁሉ ቆፍሬ ለአስፋልቱ ለራሱ አልቆፈርኩለትም። 30 እና 15 ደምሬ 5ቱን ረሳሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እያልኩ!

ይህ የእኔ ብቻ በሽታ አይደለም። የከተማችንን የቆዩ ቤቶች እዩ። መንገዱ በተሠራ ቁጥር ይወጣል፣ ቤቱ እዚያው ይቀራል። ወደ ግቢ ለመግባት ሁለት ደረጃ የሚወረድበት ቤት ድሮ ወደ ታች የተሠራ አይደለም፤ መንገዱ ነው ጥሎት የወጣው። ይህን ሳውቅ ነው የኖርኩት። ወረቀቱ ላይ ግን አልመጣልኝም።

ለእማማ ልነግራቸው ገባሁ። ቡና እያፈሉ ነበር። የጾም ነው፣ ዳቦ አቀረቡልኝ። «ታዲያ ዝቅ አታደርጉትም?» አሉ። ሻይ ላይ ስኳር እንደ መጨመር ቀላል አድርገው።

መጋቢት 8–10

ዝቅ አደረግነው። የታችኛውን 15 ሜትር ቤዝኮርስ አንስተን፣ ሴሌክቱን 6 ሴንቲ ጠርገን፣ ቤዝኮርሱን መልሰን ጠቀጠቅን። ቤዝኮርሱን ራሱን መሸረፍ ይቀል ነበር። ግን 15 የነበረው 9 ይሆናል፤ መኪና ሁሉ የሚገባውና የሚዞረው ደግሞ እዚያው በሩ ላይ ነው። ስድስት ልጆች ለሁለት ቀን፣ በቀን 600፤ ሮለር አንድ ቀን 9,000። ድምር 16,200 ብር፣ ለአንዲት መደመር።

ሌላም ነገር ወሰንን። መንገዱ መሃሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ የሚያፈስ አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ከእማማ ወደ ማዶው አጥር ያዘነብላል፣ 2.5 በመቶ። ውሃው እዚያ ዲች (የውሃ መውረጃ ቦይ) ያገኛል። ማዶ ያለው ጎረቤት «ለምን ወደ እኔ?» አለ። ልክ ነው። ዲቹ በደንብ እንዲሠራና ግንቡን እንዳይነካ ተስማምተን ፈረመ።

ዲቹ መጀመሪያ መሠራት ነበረበት። ይህንንም ጻፉልኝ። የጠቀጠቅነውን ዳር መልሰን ቆረጥን።

መጋቢት 11–19

ዲች። የውስጥ ስፋቱ 30 ሴንቲ፣ ከነግድግዳው ከቅያሱ 50 ሴንቲ በላ። ስለዚህ አስፋልቱ 3.1 ሜትር ስፋት ቀረው። ከ259 ካሬ ወደ 223 ወረደ፤ 79,000 ብር ገደማ ተረፈ። እሱም ዲቹ ላይ አለቀ፣ አልበቃምም። በቤት 25,000 ብር ተጨማሪ መዋጮ ጠየቅሁ። አንድ ሰው ቴሌግራም ግሩፑን ለቆ ወጣ፤ ማታ ተመልሶ ገባ፣ ከፈለ።

ክዳኑ ኮንክሪት ነው። አንድ ሁለት ሰው የብረት ፍርግርግ ያምራል ብለው ነበር። በሳምንቱ ቁራሌው ጋ ነው የምናገኘው።

ከዋናው መንገድ ማፋሰሻ ጋር ለመግጠም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሲስተም የለም ተባልኩ። ዝርዝሩ አሰልቺ ነው፤ ተፈቀደ።

መጋቢት 20 (ቅዳሜ)

ፕራይም። ኤምሲ 30 የሚባለው ቀጭን ሬንጅ ነው። ቤዝኮርሱ ውስጥ ሰርጎ አቧራውን ያስራል፣ አስፋልቱ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ለእኛ ስፋት አንድ በርሜልና ትንሽ ነው የሚሄደው። ከልጆቹ አንዱ በርሜሉን በእንጨት እሳት ሊያሞቀው እንጨት ሰበሰበ። እሪ አልኩ። ይህ ነገር ሬንጅ በኬሮሲን የቀጠነ ነው። በርሜሉን ጠዋት ፀሐይ ላይ አቆምነው፣ በቃው።

ስምንት ሰዓት ላይ ተረጭቶ አለቀ። አሥር ሰዓት ላይ ከእንጦጦ በኩል ጠቆረ። የበልግ ዝናብ ነው። ሩብ ሰዓት ዘነበ። አዲሱ ዲቻችን የመጀመሪያ ሥራው የእኛን ፕራይም ማፍሰስ ሆነ። ግማሹ ታጠበ።

ትንበያ አላየንም? አይተናል። ደመና ይላል። በመጋቢት ደመና ማለት ምን እንደሆነ ማን አጣው?

መጋቢት 21 (እሑድ)

እማማ ለቅዳሴ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ፤ በራቸው ላይ ጥቁር ባሕር። የዲች ሥራ የተረፈ ጣውላ ደርድረን አሻገርናቸው። እኔ አንድ እጃቸውን፣ ዘበኛው ምርኩዛቸውን ይዞ። አንዲት ጠብታ አልነካቸውም። የጎረቤት ድመት ግን ማንንም አልጠየቀችም። የነጭ ቪትዝ ቦኔት ላይ የእግሯ ማኅተም አሁንም አለ።

ሰኞ ደረቅ ሲሆን የታጠበው ተደግሞ ተረጨ። ወጪውን ከኮንትራክተሩ ጋር እኩል ተካፈልን።

መጋቢት 28 (እሑድ)

የአስፋልቱ ቀን። እሑድ የሆነው ለከባድ መኪና መንገዱ ቀለል ስለሚል ነው። ለ223 ካሬ በ5 ሴንቲ 26 ቶን ይበላል፤ 27 አዘዝን፣ በሁለት መኪና። ከፋብሪካ ሲወጣ 150–160 ዲግሪ ነው። የሮለሩ ሥራ ደግሞ ከ85 ገደማ ሳይወርድ ማለቅ አለበት። እንደ እኛ ያለ ስስ ንጣፍ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

የመጀመሪያው መኪና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ኋላውን ይዞ ገባ። ከዲቹ ጠርዝ አንድ ጥግ ሸረፈ፣ አለፍነው። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ባለዘንግ ቴርሞሜትር ከተትንበት፤ 148። ከውስጥ፣ ከላይኛው ቤት ጀምረን ወደ በሩ እያመጣነው ነው። ልጆቹ በአካፋ ይወረውራሉ፣ ሁለቱ በመጎተቻው ያስተካክላሉ፣ ፎርማኑ ሚስማር እየወጋ ውፍረቱን ይለካል። ልቅ ሆኖ 6 ከምናምን ሴንቲ ነው መሆን ያለበት፤ ሲጠቀጠቅ 5 ይመጣል። ሮለሩ ከዝቅተኛው ዳር ጀምሮ ወደ ከፍተኛው። ከላይ ከጀመረ ትኩሱ ነገር ወደ ታች ይገፋል።

አንድ ልጅ አስፋልቱ የሮለሩ ብረት ላይ እንዳይጣበቅ ናፍጣ ሊቀባ ነበር። ናፍጣ ሬንጅን ይፈታዋል። የሳሙና ውሃ ሰጠነው።

40 ሜትር ድረስ ያማረ ነበር። ጥቁር፣ ጭስ የሚል፣ ለስላሳ። ከዚያ ሁለተኛው መኪና ጠፋ። መንገድ ላይ ነኝ ይላል። አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ተኩል። መንገድ ተዘግቶ ዞሬ ነው የምመጣው አለ። ሻይ ጠጣን። እኔ ጥፍሬን በላሁ።

ሲደርስ ሸራ አልሸፈነም። ላዩ 104። ዘንጉን ወደ ውስጥ ስንሰደው 127። ፎርማኑ «ይሠራል» አለ። መመለስ ማለት ሌላ ቀን፣ ሌላ ብር ነው። ደግሞ የቀረው ቦታ የት ነው? እማማ በር ላይ። ቅርፊቱን ገፈን ጣልን፣ የውስጡን ብቻ ተጠቀምን። የቀዘቀዘውን የመጀመሪያውን ጫፍ ቀጥ አድርገን ቆርጠን ሬንጅ ቀባንና ገጠምነው። ሁሉም ሮጠ። ጋሼ እንኳ ከወንበራቸው ተነሥተው «ቶሎ! ቶሎ!» ይሉ ነበር።

ቅርፊቱን ስለጣልን መጨረሻ ላይ አጠረን። ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኘው አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ቀረ። ማክሰኞ ኮንክሪት ሞላንበት። አያምርም። ግን ጠርዙን ከጎማ ይጠብቀዋል፤ ሆን ብለን ያደረግነው ነው እያልኩ ነው።

ሚያዝያ 4 (ቅዳሜ)

በጀሪካን ውሃ እያፈሰስኩ ሞከርኩ። ሦስተኛው ቤት ፊት የትሪ ስፋት ያላት ኩሬ አለች፣ ጥልቀቷ 1 ሴንቲ። ሌላው ሁሉ ወደ ዲቹ ይሄዳል። ኩሬዋን ትተናታል።

መጋጠሚያው አካባቢ ግን ጠጠር እየተላቀቀ ነው። በጫማ ሲጠረግ ይነሳል። ሁለተኛው መኪና።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። እንግዳ በእንግዳ ሆነ። አንዱ መኪናውን አቁሞ መሪውን ባለበት ሲያዞረው አዲሱን አስፋልት አፈተለው። ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። ዶሮ ወጥ የሸተተው ሰው ማስታወቂያ አያነብም።

ግንቦት 9 (ቅዳሜ)

መጋጠሚያው ላይ 4 ካሬ ቆርጠን አወጣን። አራት ማዕዘን፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ተጠርጎ ሬንጅ ተቀባ። ኮንትራክተሩ ሌላ ሥራ ላይ የተረፈ ትኩስ አስፋልት በፒክአፕ አመጣ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልሎት። 139። 12,000 ጠይቆ 8,000 ተስማማን። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፤ የዚያን ዕለት መኪናውን መመለስ እችል ነበር።

ጥገናው በዓይን ይለያል። ከሥሩ ያለው አንድ ስለሆነ አልሰመጠም።

ሐምሌ 13 (እሑድ)

ከሌሊቱ ጀምሮ ያወርደዋል። ጠዋት ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ውሃው ስስ ሆኖ አግድም ይንሸራተታል፣ ዲቹ ውስጥ ይገባል። ስንጥቅ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። የጥቁሩ አፈር እውነተኛ ፈተና ከክረምት በኋላ ሲደርቅ ነው፤ ኅዳር ላይ አያለሁ።

ታች ስደርስ ዲቹ ሞልቶ ሊፈስ ተቃርቧል። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ደፋቸው ላይ ማዶ ማዶ እያዩ ቆመዋል። ደፉ ደረቅ ነው፤ ለካሁት፣ 5 ሴንቲ። «እዚያ ጋ ፌስታል ነው የያዘው» አሉኝና ምርኩዛቸውን አቀበሉኝ። በክዳኖቹ መሃል ሰድጄ ሁለት ፌስታልና አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣሁ። ውሃው ጎርጎር ብሎ ወረደ።

የዲች ጽዳት ተራ ግሩፑ ላይ ለጥፌአለሁ። በቤት አንድ ሳምንት። የመጀመሪያው ሳምንት የእኔ ነው። ካዝናው ውስጥ 6,140 ብር አለ፤ ባለዘንግ ቴርሞሜትር ልንገዛበት ነው፣ የጎን ቅያስ ሰዎች ትናንት መጥተው ልኬት ጀምረዋል።